«አንዴ ይሞላል፣ አንዴ አይሞላም»፦ በአሮጌ መኪና ላይ እየመጣ የሚጠፋ የቻርጅ ችግር እንዴት ይፈለጋል?

«ባትሪ ቀየርኩ። ዲናሞውን አስፈትቼ ካርቦን አስገባሁ። ሦስት ሳምንት ደህና ሄደ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቁልፉን ሳዞረው ‹ጭቅ› ብሎ ቀረ። ጋራዥ አስጎትቼ ስወስደው ደግሞ ቻርጁ 14 ቮልት ነው፣ ምንም የለውም አሉኝ። ምን ይሻለኛል?»

የመኪና ኤሌክትሪክ እንደምሠራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ፤ የመኪናው ስም ብቻ ይለያያል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ ከዚህ ያንብበው።

ዋናው ነገር አንድ ነው። ችግሩ በተከሰተበት ሰዓት መለኪያ እስኪያሳያችሁ ድረስ ምንም ዕቃ አትቀይሩ። እየመጣ የሚጠፋ ችግር መኪናው ጋራዥ ሲቆም ይደበቃል። ያኔ የሚቀየረው ዕቃ በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ገንዘብ ይበላል።

ምሳሌዬ ሁላችንም የምናውቃት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አሠራሩ ግን ለላዳ፣ ለፔጆ 504 እና ለአሮጌ ሃይስም ያገለግላል። «ዲናሞ» የምለው እኛ በልማድ እንደምንጠራው አልተርኔተሩን ነው። የድሮ ቮልስ ላይ ያለው እውነተኛው ዲናሞ ግን ዳዮድ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ፣ ኤሲን፣ ወደ ቀጥተኛው፣ ወደ ዲሲ፣ የሚቀይረው ዕቃ) ስለሌለው ስለ ዳዮድ የምለው እሱን አይመለከትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዲጂታል ቴስተር (መልቲሜትር)። ዲሲ ቮልት፣ ኤሲ ቮልት፣ ኦምና እስከ 10 አምፔር የሚለካ። ውድ መሆን የለበትም፤ የራሱ ባትሪ ግን አዲስ ይሁን። የደከመ ባትሪ ያለው ቴስተር የተሳሳተ ቁጥር ያነባል።
- ከሞተር ክፍል እስከ ሾፌሩ ወንበር የሚደርሱ ሦስት ቀጫጭን ገመዶች፣ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ያላቸው። ሁለቱ የፖዘቲቭ ገመዶች ላይ፣ ኮፈን ውስጥ በሚታሰረው ጫፍ በኩል የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ገመዱ ተልጦ ቦዲ ቢነካ እሳት የሚከለክለው ይህ ፊውዝ ነው።
- 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ።
- የሽቦ ብሩሽ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቫዝሊን።
- ክንድ የሚያህል ደረቅ እንጨት።
- ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር።
- ደብተርና እስክርቢቶ። አትሳቁ፤ ከቴስተሩ እኩል ያስፈልጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። ቀለበት በፖዘቲቭና በቦዲ መካከል ከገባ በሰከንድ ውስጥ ቀልቶ ጣት ያቃጥላል። የዲኤክስ ማራገቢያ የሚዞረው በቺንጋ ስለሆነ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አይቆምም፤ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ ወይም የተፈታ ፀጉር ይዛችሁ አትጎንበሱበት።

ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። የባትሪ ውሃ ለማየት ክብሪት ወይም ላይተር የሚለኩሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ባትሪው ፊታቸው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የስልክ መብራት ተጠቀሙ። አሲድ ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ፤ ዓይን ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለው ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎን የማስነሻ ቁልፉ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለው፤ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ነው የሚገናኘው። እሱን ለመፍታት በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።

ደረጃ 1፦ መቼ እንደሚከሰት ጻፉ

ለአንድ ሳምንት መኪናው ባስቸገረ ቁጥር ምን ሁኔታ እንደነበር መዝግቡ። ይህ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል፤ ምክንያቱም ብልሽቶች የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

ዝናብ ሲዘንብ ወይም ኩሬ ውስጥ ሲያልፍ ብቻ ከሆነ ቺንጋና ሶኬቶችን ጠርጥሩ። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ደህና ሆኖ አዳማ ሲደርስ፣ ሞተሩም አየሩም ሲግል የሚጠፋ ከሆነ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው)፣ ዳዮድ ወይም ካርቦን (በዲናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ሊሆን ይችላል። ኮረኮንች መንገድ ላይ የቻርጅ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የላላ ገመድ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ብቻ ከደከመ ቺንጋ ወይም የሞተ ዳዮድ። ሁለት ቀን ቆሞ ሲነሳ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ዲናሞው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው ደክሟል ወይም ሌሊት ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር አለ፤ ከደረጃ 2 በኋላ በቀጥታ ወደ ደረጃ 10 ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን ከጥርጣሬ አውጡ

ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ በሙሉ አስሞሉና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት የፊት መብራት ለ2 ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ለኩ። መብራቱን የምናበራው ላይ ላዩን የቀረው ቻርጅ እንዳያታልለን ነው።

12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ባዶ በሉት። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ አድሮ 12.4 ያልደረሰ ባትሪ ከሆነ ችግሩ ራሱ ባትሪው ነው።

ቀጥሎ ከኮይሉ (ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ዕቃ) ላይ ቀጭኗን የፖዘቲቭ ገመድ ንቀሉና (ሞተሩ እንዳይነሳ) ጫፏ ቦዲ እንዳይነካ ሸፍኑ። ሌላ ሰው ለ10 ሰከንድ ያህል ሞተሪኖውን ሲያዞር እናንተ የባትሪውን ቮልት ተመልከቱ። ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። 12.6 እያነበበ ቆይቶ ሞተሪኖ ሲነካ ወደ 3 ወይም 4 ቮልት ወርዶ ወዲያው የሚመለስ ባትሪ ካጋጠማችሁ ውስጡ ያለው ማያያዣ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለው ባትሪ አንድ ቀን ያስነሳል፣ አንድ ቀን ያስቀራል፤ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ግን ዲናሞው ነው።

ደረጃ 3፦ የባትሪ ጫፎችና ቺንጋ

የባትሪውን ማሰሪያዎች ፍቱ፤ ኔጋቲቭን በመጀመሪያ፣ ስትመልሱ ደግሞ በመጨረሻ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ የምትፈቱበት ቁልፍ ቦዲ ቢነካም አጭር ዙር አይፈጠርም። ነጭና አረንጓዴውን ዝገት ሶዳ በተቀላቀለበት ውሃ በጥርስ ብሩሽ አጥቡት፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ። ደርቆ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊኑ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

ቺንጋው በሁለቱ ፑሌጃ (ቺንጋው በሚዞርባቸው ጎማ መሰል ብረቶች) መካከል በአውራ ጣት በኃይል ሲጫን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ጎኖቹን ተመልከቱ፤ እንደ መስታወት ካበሩ እየተንሸራተተ ነው። ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ እንጂ በታቹ ስላልሆነ የፑሌጃው ወለል ከተወለወለ ቺንጋው ተበልቶ ወርዷል ማለት ነው፤ ማጥበቅ አያድነውም። ያለ መጠን ማጥበቅ ደግሞ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይጨርሳል።

ደረጃ 4፦ የቻርጅ መብራቱን አንብቡ

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ክሩስኮት ላይ ያለው የባትሪ ምልክት መብራት አለበት። ካልበራ ላምባዲናው ተቃጥሏል ወይም ፊውዙ ሄዷል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚያነቃው ትንሹ ኤሌክትሪክ በዚህች ላምባዲና ውስጥ ነው የሚያልፈው። እሷ ከተቃጠለች ዲናሞው ከፍ ያለ ዙር እስኪያገኝ ድረስ አይነሳም፤ ስለዚህ በርካሽ ላምባዲና ምክንያት ደህና ዲናሞ ይፈታል።

ሞተሩ ሲሠራ ደብዘዝ ብላ የምትበራ ከሆነ አንድ ዳዮድ ወይም አንድ መጥፎ ግንኙነት አለ። ፍሬን ስትይዙ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ ብልጭ ካለች ማሳውን (ኤሌክትሪኩ በቦዲና በሞተር በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ጠርጥሩ።

ደረጃ 5፦ ደህና ሲሆን ስንት እንደሚያነብ እወቁ

ሞተሩን አስነሱና ከሚኒሞ ከፍ አድርጋችሁ (2000 ዙር አካባቢ) ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ይጠበቃል። ከዚያ ረጅሙን መብራት፣ የአየር ማራገቢያውንና የዝናብ መጥረጊያውን አብሩ። በዚያው ዙር ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። በሚኒሞ ሁሉ ነገር በርቶ ወደ 13 መጠጋት በድሮ ዲናሞ ላይ ብልሽት አይደለም፤ ጋዝ ሲሰጠው የሚወጣ ከሆነ ተዉት።

15 ቮልት ካለፈ እየፈላ ነው። ባትሪው ውሃ ይጨርሳል፣ ላምባዲና ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ደረጃ 8 ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ምክንያት አለ።

አሁን ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይሩና መብራቱ እንደበራ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ዳዮድ ተበላሽቷል። ያልተበላሸ ዳዮድ ኤሲውን ወደ ዲሲ አስተካክሎ ስለሚያወጣ ወደ ባትሪው የሚደርሰው ኤሲ እጅግ ጥቂት ነው።

ደረጃ 6፦ በገመዱ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ለኩ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ስጡ፤ በጣም የሚዘለለው ይህ ነው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለውም እዚህ ነው።

ከሃያ ክሮቹ አሥራ ስምንቱ የተበጠሱ ገመድ በቴስተር ሲለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ያህል አምፔር ስለማይስብ ሁለቱ ክሮች ይበቁታል። 30 አምፔር ሲያልፍበት ግን ይታነቃል። ስለዚህ ገመድ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው።

ሞተሩ በ2000 ዙር፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ሆኖ፦

ሀ. ቀዩን ጫፍ በዲናሞው ጀርባ ባለው ወፍራም ቡሎን ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ (ማሰሪያው የሚታሰርበት፣ ከባትሪው የወጣው ጫፍ) ላይ። ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ! ማሰሪያውና እርሳሱ መካከል ያለው ዝገት እንዳያመልጣችሁ ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ መሆን የለበትም።

ለ. ቀዩን በዲናሞው ገላ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ። ከ0.2 በላይ መሆን የለበትም።

ከዚህ በላይ ካነበበ መንገዱን ከፋፍላችሁ ለኩ፤ ከእርሳስ ወደ ማሰሪያ፣ ከማሰሪያ ወደ ቦዲ፣ ከቦዲ ወደ ሞተር። ቮልቱ የሚዘለው ብልሽቱ ያለበት ክፍል ላይ ነው።

አንድ ዲኤክስ ሁለት ጊዜ ዲናሞ ተቀይሮለት እኔ ጋ መጣ። ኮረኮንች ላይ ቻርጁ ይጠፋል፣ አስፋልት ላይ ይመለሳል። ፖዘቲቩ ንጹሕ ነበር። በኔጋቲቭ በኩል ግን ሞተሩን ስነቀንቀው ከ0.1 ወደ 1.4 ቮልት ዘለለ። ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ቦዲው ቀለም ሲቀባ ተፈትቶ በቀለሙ ላይ ነው የታሰረው፤ ቡሎኑ ብቻ በጥርሱ ይነካ ነበር። ቀለሙን ፍቆ መልሶ ማሰር ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ባለቤቱ የነዳጅ መስጫው ኬብል አንዳንድ ጊዜ እንደሚግል ነግሮኝ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ማሳ ሲያጣ በእሱ በኩል ይመለስ ስለነበር ነው። እናንተም ኬብል ሲግል ካያችሁ ዲናሞ አትፍቱ፣ ማሳ ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ እየነዳችሁ ያዙት

እስካሁን ሁሉ ነገር ደህና ካነበበ ችግሩ ተደብቋል። አንዱን ፊውዝ ያለው ገመድ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛውን ከዲናሞው ወፍራም ቡሎን፣ ሦስተኛውን ከባትሪው ኔጋቲቭ አምጥታችሁ በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ አስገቡ። ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው ርቀው ይታሰሩ። ቴስተሩን የሚያነበው አብሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ አያንሣ።

በደብተሩ ላይ ያለውን ሁኔታ ፈልጋችሁ ሂዱ፤ ኮረኮንች ከሆነ ኮረኮንች፣ ሙቀት ከሆነ ረጅም ዳገት። ችግሩ ሲመጣ ሁለቱንም ነጥብ አንብቡ።

- ባትሪው 12.4 ሆኖ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ዲናሞውም ያንኑ ሲያነብ፦ ዲናሞው ማምረት አቁሟል። ካርቦን፣ ሬጉሌተር ወይም የማንቂያው ገመድ ነው።
- ባትሪው 12.3፣ ዲናሞው ግን 15 ወይም 16፦ ዲናሞው ያመርታል፣ ወደ ባትሪው የሚያደርሰው ገመድ ተቆርጧል። ወዲያው ወደ ሚኒሞ አውርዱና አቁሙ፤ በዚህ ሁኔታ መንዳት ዳዮድ ይገድላል።
- ከ12.5 ወደ 14.3 እየዘለለ የሚመላለስ፦ የላላ ሶኬት፣ ያለቀ ካርቦን ወይም የተቃጠለ የሬጉሌተር ንክኪ።
- በመብራት ብቻ 13 አካባቢ የሚቀር፦ ዳዮድ ወይም ቺንጋ።

ደረጃ 8፦ መነቅነቅና የቁልፉ መስመር

ሞተሩ በመጠነኛ ዙር እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ገመዶቹን በእንጨቱ አንድ በአንድ ገፋ አድርጉ፤ በእጅ አይደለም። ሰው ቴስተሩን ይይ። ቁጥሩ የዘለለበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ሶኬቶችን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነቅላችሁ አረንጓዴ ዝገት፣ የጠቆረ ፕላስቲክ፣ ወደ ኋላ የተገፋ ፒን ፈልጉ።

ባትሪው አጠገብ ያለውን እንደ ፊውዝ የሚያገለግል አጭር ገመድ ኔጋቲቭ ተነቅሎ ሳለ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ተበጥሷል፤ ውጪው ደህና ስለሚመስል በዓይን አይታይም። በተራ ገመድ አትተኩት፤ እሱ እንዲቀልጥ ሆኖ የተሠራው መኪናው እንዳይቃጠል ነው።

አሁን ደረጃ 5 ላይ ያቆየሁት፣ ቮልቱ ከ15 የሚያልፍበት ምክንያት። የዲኤክስ ሬጉሌተር ባትሪው መሙላቱን የሚያውቀው በቁልፉ በኩል በሚመጣለት ቮልት ነው። የማስነሻ ቁልፉ ንክኪ ወይም የፊውዙ መቀመጫ ከተቃጠለ ሬጉሌተሩ ከእውነቱ ያነሰ ቮልት ያያል፤ ባትሪው አልሞላም ብሎ ዲናሞውን ያለ ልክ ያሠራዋል። ቁልፉ ተከፍቶ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሬጉሌተሩ የቁልፍ ገመድ ድረስ ለኩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ሬጉሌተር ከመግዛታችሁ በፊት ፊውዙንና ቁልፉን አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ዲናሞው ወይስ ሬጉሌተሩ?

ሬጉሌተሩ (ካታውቱ) ከዲናሞው ውጪ ቦዲው ላይ የታሰረ ሳጥን ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው። ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ቺንጋውን አውርዱ፣ የዲናሞውን ትንሽ ሶኬት ንቀሉ። በዲናሞው በኩል ኤፍ በተባለው ፒንና በገላው መካከል በኦም ለኩ። ከ3 እስከ 6 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ከዚያ ፑሌጃውን በእጅ በጣም ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ቁጥሩ ትንሽ መወዛወዙ ያለ ነው፤ ወደ መቶዎች ከዘለለ ወይም ከጠፋ ካርቦኑ ወይም ካርቦኑ የሚፋቅበት ቀለበት ነው። ይህን ሞተሩ ግሎ እንደቆመ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ድገሙት። ሲግል ብቻ የሚቋረጥ ጥቅል ሽቦ በብርድ አይገኝም። ዲናሞው ግሎ ሳለ ጓንት አድርጉ።

ንባቡ ሁልጊዜ ደህና ከሆነና በደረጃ 7 ዲናሞው ማምረት ሲያቆም ካያችሁት፣ የቁልፉ መስመርም ንጹሕ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ ነው።

ሬጉሌተሩ ውስጡ ከሆነ ዲናሞው መፈታት አለበት። ካርቦኑ ወጥቶ የሚታየው ክፍል ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩት። ቀለበቶቹ ከጠቆሩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል ጥረጉ።

አንዳንድ ባለሙያ ለኤፍ በቀጥታ 12 ቮልት ሰጥቶ ዲናሞውን በሙሉ ኃይል ይፈትናል። እናንተ አታድርጉት። ያለ ሬጉሌተር ቮልቱ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያልፋል፤ ፒን ከተሳሳታችሁም ሬጉሌተሩና ገመዱ ይቃጠላሉ።

ደረጃ 10፦ ሌሊት የሚጠጣውን ፈልጉ

ሁሉን አጥፉ፣ በር ዝጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ (ቀዩ ገመድ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ) በማሰሪያውና በኔጋቲቭ እርሳሱ መካከል አስገቡ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አትክፈቱ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል።

ሰዓትና ቴፕ ብቻ ያለው ዲኤክስ ከ50 ሚሊ አምፔር ማለፍ የለበትም። ግማሽ አምፔር ከሆነ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በላይ ያልቃል። ፊውዞችን አንድ በአንድ ንቀሉና የትኛው ላይ እንደሚወርድ እዩ። ብዙውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ቴፕ ወይም የማይጠፋ የሻንጣ ክፍል መብራት ነው። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ካልወረደ ቴስተሩን አንሱ፣ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፈትታችሁ ጫፉን በላስቲክ ሸፍኑ፣ እንደገና ለኩ። ያኔ ከወረደ የሚያፈሰው ዳዮዱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማሰሪያ መንቀል። «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ይባላል። በየመንገዱ ሲደረግ አየዋለሁ፤ በጣም የምጠላው ሙከራም ይህ ነው። ባትሪው ሲለይ የዲናሞው ቮልት ድንገት ተተኩሶ ዳዮድ፣ ሬጉሌተርና ቴፕ ያቃጥላል። ደህና የነበረ ዲናሞ በምርመራው ይገደላል።

ወፍራሙን ገመድ ከቦዲ ጋር እያነካኩ ብልጭታ ማየት። የሚያሳየው ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለ ዲናሞው የሚናገረው ነገር የለም።

የሞተ ባትሪ በዲናሞ እንዲሞላ መተው። በኬብል ካስነሳችሁ በኋላ በቻርጀር አስሞሉት፤ ዲናሞው ለሰዓታት በሙሉ ኃይል ሲሠራ ይግላል፣ በዚያው ይዳከማል። ኬብሉን አገላብጦ ማሰር ደግሞ ዳዮዶቹን በአንድ ብልጭታ ይጨርሳል።

ፓውዛ ጨምሮ ዲናሞውን መውቀስ። ሁለት የ55 ዋት ፓውዛ 9 አምፔር ያህል ይወስዳል።

በአንድ ቀን ሦስት ዕቃ መቀየር። ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አንድ ነገር አስተካክሉ፣ ለኩ፣ ንዱ፣ ጻፉ።

ካገኛችሁትና ካስተካከላችሁት በኋላ ደረጃ 5ንና ደረጃ 6ን ድገሙና ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር በደብተሩ ላይ አስፍሩ። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልት መለኪያ ግዙና ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ችግሩ ይመጣበት የነበረውን መንገድና አየር እስክታዳርሱ ድረስ አትንቀሉት። ወደ ኤሌትራውቶ መሄድ ካለባችሁም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ኮረኮንች ላይ ባትሪው 12.3፣ ዲናሞው 15.8 አነበበ» ብላችሁ ስትነግሩት ከወፍራሙ ገመድ ነው የሚጀምርላችሁ።